ሲንቄዋ የተጋደመችበት በር

አዴ ፋጡማ ዐረፉ ብለው ሲነግሩኝ፥ «እሳቸው ደግሞ መቼ ማረፍ ያውቃሉ!» ብዬ ጮኽኩ። ግን እውነት ነው፤ ትናንት አዳማ ላይ ቀበርናቸው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት።

በባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የቡና መጋዘን፥ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው የምንለቅም ሴቶች ነን። አዴ ፋጡማ የአርሲ ሴት፥ የሁላችን ታላቅ ነበሩ። ይህችን ልጅ ስወልድ ቅቤ በቅል ይዘው መጡና፥ «አራስ በባዶ እጅ አትጠየቅም» ብለው አናቴን ራሳቸው ቀቡኝ። እኔ ግን ቸግሮኝ ወገቤ ሳይጠና ወደ ሥራ ተመለስኩ።

አንድ ጠዋት ላጠባት ብድግ ስል የለቃሚዎቹ አለቃ፥ ካቦው፥ ገፍትሮ ከበር ውጭ ጣለኝ። «ሁለተኛ እንዳትመጪ!» አለኝ። እንጀራዬ ተቆረጠ ብዬ አለቀስኩ። አዴ ፋጡማ ሰፌዳቸውን ደፍተው ተነሡ። «አራስ በተገፋችበት ቤት ቡና አይለቀምም!» ሴቶቹም ሰፌዳቸውን እየደፉ ተከተሏቸው።

ከቤታቸው ሲንቄያቸውን አመጡ፤ በአርሲ ሴት በሰርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ዘንግ ናት። በሩ ላይ መሬት አጋደሟት፤ የተበደለች ሴት ሳትካስ ሲንቄ የተጋደመችበትን መሻገር ነውር ነው። «እኔ እኮ አማራ ነኝ፥ ሲንቄ የለኝም» ብላቸው፥ «ሴት አይደለሽም እንዴ? የኔ ትበቃሻለች» አሉኝ።

ኩሊዎቹ የእናቶችን ሲንቄ አንሻገርም ብለው ጆንያቸውን አወረዱ። ባቡሩ ጮኸ፥ ጮኸ፥ ባዶውን ሄደ። የመጋዘኑ ባለቤት ነጋዴው እየሮጡ መጥተው «ይህን ዱላ አንሺ!» አሉ። አዴ ፋጡማም፥ «ዱላማ ቢሆን ጌታዬ፥ ይሄኔ መሬት ላይ አይተኛም ነበር!» አሏቸው።

በማግስቱ ካቦው የዕርቅ ምልክት እርጥብ ሣር ይዞ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ በመጋዘኑ ልጇን እንዳታጠባ የተከለከለች የለችም። አድማን ወንዶች ናቸው ያመጡት የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ!

አዴ ፋጡማ፥ አላህ ነፍስዎን በጀነት ያኑርልን። ትናንት ከቀብርዎ ስንመለስ አዲሱ ካቦ፥ «ለቀብር ብላችሁ ከሥራ የቀራችሁ ሁሉ ተባራችኋል» አለን። ሴት ልጅ የለኝም ብለው ሲንቄዎን ለእኔ ትተውልኝ የለ? ዛሬ ጠዋት እዚያው በር ላይ አጋደምኳት። እስካሁን የተሻገራት የለም። እርስዎ ይረፉ እናቴ፤ እኛ ገና አናርፍም።