አልጋ የማይዝ ዘር

የእኛ ዘር በአንድ ነገር ይኮራል፤ አልጋ አይዝም። አያቴ ሰርግ ላይ ሲጨፍር፣ አጎቴ እርፍ እንደጨበጠ፣ አባቴ ለዙሁር፣ ለቀትር ሶላት ታጥቦ ውዱእ ሲያደርግ ነው የሞቱት። ማንም አላስታመማቸውም። «ምን ታመው?» ለሚለን ሁሉ መልሳችን አንድ ነው፤ «ምንም! አጀላቸው፣ የተቆረጠላቸው ቀን ደርሶ ነዋ!» ይህን ስንል ደረታችን ይነፋል። እኔም ለሥራ አረብ አገር፣ አል ዐይን ከመጣሁ ወዲህ ይህን ያልነገርኩት የወሎ ልጅ የለም።

ታዲያ ባለፈው ስዌይሃን በሚባል የበረሃ መንደር የግመል መኖ ከመኪናዬ ሳራግፍ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ሙቀቱ ነው ብዬ ላልፈው ነበር፤ ልጄ ግን ወይ ፍንክች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ክርክር የማይሰለቻት ኮረዳ ናት። ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ ከዚያም አቡ ዳቢ ወደሚገኝ የልብ ሐኪም ላኩኝ። እሷም ላስተርጉምልህ ብላ አብራኝ መጣች።

ሐኪሟ ቤተሰቤ በምን በምን እንደሞተ ጠየቀችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከየት ይመጣል! ተመቻችቼ ተቀመጥኩና ከአያቴ ጀምሬ አወራሁላት። ልጄ እንግሊዝኛውን ስታንበለብለው በአባቶቼም በእሷም ኮራሁ።

ሐኪሟ ግን አልተደነቀችም። «አጀል መድረስ የበሽታ ስም አይደለም» አለች። «ዕድሜያቸውስ?»

አሰብኩት። አንዳቸውም ሃምሳ አልሞላቸውም ነበር። ዕድሜያቸውን ጎን ለጎን አድርጌ አስቤው አላውቅም።

«ባባ፣ ሲሪየስ ነው» አለች ልጄ። «ደህና የነበረን ሰው በድንገት የሚገድል የልብ ሕመም አለ ትላለች። ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።»

ይሄኔ ሐኪሟ እኔን ትታ ልጄን አየቻት። ጉራዬ ሁሉ እዚያው ጠፋ። ለራሴ እንዲያ ያለ ሞት አልጠላም፤ እውነቴን ነው። ለእሷ ሲሆን ግን ፈራሁ።

ሁለታችንም ተመረመርን፤ ሁለታችንም ላይ ተገኘ። ለእኔ ልቤን የሚጠብቅ ትንሽ መሣሪያ ደረቴ ውስጥ ተገጠመልኝ፤ እሷ በየጠዋቱ ኪኒን ትውጣለች። ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ «በቤታችን የልብ ሕመም አለ» ብላ ሳታፍር ነገረቻቸው። በዘራችን ሕመሙን በስሙ የጠራች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። አሁን ለሰው ሁሉ የማወራው ይህንን ነው፤ ደረቴም እንደ ድሮው ይነፋል።

ከዚያ አገር ቤት ላለው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩና ዛሬ ነገ ሳትል ተመርመር አልኩት። ሳቀብኝ።

«አብሽር ጋሼ! እኔኮ ምንም አያመኝም።»

«አባባንም ምንም አላመመውም ነበር» አልኩት።

ሳቁ ተቋረጠ። ደሴ የልብ ሐኪም ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ።