ለተኙት የንስሐ አባቴ የነገርኳቸው

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የቀረችው ወንበር አንዲት ናት፤ እሷም የንስሐ አባቴ አጠገብ! አምና ቤቴን ጠበል ሊረጩ መጥተው ከበር ላይ ሲደውሉልኝ፣ መኝታ ቤት ቁጭ ብዬ «አባ፣ ባሕር ዳር ስልጠና ላይ ነኝ» ብያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሸሻቸው ዓመት ሞላኝ።

ደግነቱ ጥምጥማቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ያንኮራፋሉ። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ግን ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ይወድቃል፤ የእጅ መስቀላቸው ጉልበቴን ይነካኛል። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ተኝተው ሳሉ ብናዘዝስ? እግዜር እንደሆነ አይተኛም። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዴት ቀለለኝ መሰላችሁ!

ማርቆስ መናኸሪያ ስንደርስ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ። አርባ ስግደት ስገድ።»

«ለአንዲት ውሸት አርባ?»

«ሃያው ለውሸቱ ነው። ሃያው ደግሞ ተኝተዋል ብለህ ስለተናዘዝክ።»

ተናደድኩ። «ታዲያ ያ ሁሉ ማንኮራፋትስ፣ አባ?»

«እሱን እኔ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ» ብለውኝ ወረዱ።