ከዘንዶው ማዶ ያለው መንገድ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄና ጓደኞቹ ሆሳዕና ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ጨዋታ ነው። አንዱ ልጅ የሌለ አገር ይፈጥራል፤ ሌሎቹ በዚያ አገር የሚኖሩ ሰዎች ይሆኑና ምን ማድረግ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። ከዚያ ብዙ ፊት ያለው ዳይስ ይጣልና መሳካት አለመሳካቱ ይታወቃል። የጠባቸው ምክንያት ቀላል ነበር። የልጅ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዋሻና አንድ ጭራቅ ሲያሰናዳ ከርሞ፣ ጓደኞቹ ዋሻውን ትተው ወደ ባሕር እንሂድ አሉት። "ባሕሩን እኮ አላዘጋጀሁትም" ይላል፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ሳቄ አመለጠኝ። "እማማ፣ ምን ያስቅሻል?" አለኝ ተቆጥቶ። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ አገር ነበረኝ ብዬ ብነግረው እንደማያምነኝ ስለማውቅ፣ ሻይ ላፈላላቸው ወደ ጓዳ ገባሁ። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ሐሳቤ አንጋጫ መንገድ ደርሶ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጥር ሲጋመስ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘጋና፣ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደምትኖረው ወደ አክስቴ አማረች ሄድኩ። እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ ስለነበር የሚያግዝ እጅ ያስፈልጋት ነበር። አንድ ልጇን ኤርሲዶን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባታል። ከገበያ ነው የታፈሰው፤ በርበሬ ሊሸጥ ሄዶ በዚያው ቀረ። ሰሜን መላኩን በሰው በሰው ሰማች፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። በቤቱ ውስጥ ስሙ አይነሳም። ማታ እራት ሲቀርብ ግን አክስቴ አንድ ቁራሽ ከፍላ ወደ ጎን ታስቀምጥ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።

ክትፎ ቤት ተቀምጦ ቆጮ የሚያዝ ሰው ስለ ቆጮ የሚያውቀው ጥቂት ነው። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፣ ደግሞም የወገብና የጉልበት ሥራ ነው። ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ግንዱን በእግሯ ተጭና በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቃለች። ቃጫው ለብቻ ይቀራል፣ ነጩ ፍቅፋቂ ለብቻ ይከመራል፣ ከሚጨመቀው ውሃ ደግሞ ቡላው ይዘቅጣል። ሽታው እርጥብ ሣርና እርጎ የተቀላቀለ ዓይነት ነው፤ ከልብስ ቶሎ አይለቅም። ሴቶች በሚፍቁበት ቦታ ወንድ ዝር አይልም፣ ነውር ነው። የቀበሌ ሹም ቢሆን እንኳ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ተጣርቶ ይመለሳል። በዚያ ዘመን ሰው እንደልቡ የሚያወራበት ቦታ ይኖር እንደሆነ፣ እዚያ እንሰቱ መሃል ነበር።

ሴቶቹ ድሮ ሲፍቁ ይዘምሩ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ጮክ ብሎ መዘመር ያስፈራል፤ ድምፅ አጥር አያግደውም። ስለዚህ ዝም ብለው ይፍቃሉ። ሦስት ነበሩ፦ አክስቴ፣ ጎረቤቷ ታደለችና መንገድ ዳር ሱቅ ያላት የጉራጌዋ ከድጃ። እኔ ቃጫ እየሰበሰብኩ በመካከላቸው እመላለሳለሁ። በሁለተኛው ቀን ዝምታው ከበደኝና አንድ ጨዋታ አውቃለሁ አልኳቸው።

ጨዋታውን ያገኘሁት ከአጎቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ፈረንጅ አስተማሪ ቤት እየሠራ ይማር ስለነበር፣ የሰውየው ልጆች ሲጫወቱት አይቶ ለገና ሲመጣ አጫወተኝ። ሕጉን የያዘው ግን ግማሹን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከራሴ ሞላሁት። ዳይስ ስላልነበረኝ ደረቅ ባቄላ ለሁለት ከፍዬ አራት ክፋይ በእንሰት ቅጠል ላይ እጥላለሁ፤ ጠፍጣፋው ጎን ከበዛ ይሳካል፣ ካልበዛ አይሳካም።

አገሩንም ፈጠርኩ። መሃሉ ላይ ትልቅ ተራራ፣ በተራራው ላይ ምንጭ፣ ምንጩን የከበበ ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ። ሴቶቹ ዘንዶውን ገድለው ውሃውን ለሕዝብ እንዲያወጡ ነበር ያሰብኩት። በዘንዶው በጣም ኮርቼ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ራስ የተለየ ጠባይ ሰጥቼዋለሁ። ማን ዞር ብሎ ይየው።

"ዘንዶው የት ይሄዳል? ይቆየን" አለች ከድጃ። "ገበያው በየትኛው ቀን ይቆማል? አሞሌ ጨው ስንት ነው?" በቅሎ ገዝታ ንግድ ጀመረች። ታደለች ጦር ይዛ አደን ወጣችና ጫካ ውስጥ ጠፋች፤ እሷን ፍለጋ ሁለት ቀን ፈጀብን። አክስቴን ማን መሆን እንደምትፈልግ ስጠይቃት "እኔ ራሴን ልሁን" አለችና እንሰት ተከለች። ሌላ ምንም አላደረገችም።

"እትዬ አማረች፣ እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመቱ ነው" አለች ከድጃ እየሳቀች። "እስኪደርስ እኛ እናረጃለን።"

"እናንተ ሂዱ" አለች አክስቴ። "እኔ ጠባቂ ነኝ።"

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። እያደር ግን አንድ ነገር ያስገርመኝ ጀመር። እኔ "ወንዝ አለ" እላለሁ። ከድጃ "መሻገሪያው ላይ ማን አለ?" ትላለች። ያኔ ያላሰብኩት ሰው መሻገሪያው ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ስም አለው፣ የሚያነክስ እግር አለው፣ ከሚስቱ ተጣልቷል። እነሱ በሄዱበት ሁሉ አገሩ ቀድሟቸው ይደርሳል። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ማታ ቆጮና ጎመን በልተን ስንተኛ፣ ነገ ምን ይጠይቁኝ ይሆን እያልኩ በፍርሃትም በደስታም እገላበጥ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት አክስቴ መፋቂያዋን አቆመች።

"ዛሬ እኔም ልሂድ" አለች። "በዚህ አገር ሰሜኑ በየት በኩል ነው?"

የሁሉም እጅ ቆመ። ሰሜኑን አላዘጋጀሁትም። ከዘንዶው ተራራ ማዶ ምን እንዳለ አስቤ አላውቅም።

"ከተራራው ማዶ ነው" አልኩ።

"ጦርነት አለ?"

ታደለችን አየኋት። በዓይኗ ትለምነኛለች፤ አገኘሽው በያት፣ ምን ይጎዳሻል ማለቷ ነው። ማለት እችላለሁ። አገሩ የእኔ ነው። ግን አግኝተሽዋል ብላት ነገ ጠዋት ያ የተቀመጠ ቁራሽ ምን ይሆናል? የለም ብላትስ? በአሥራ ሰባት ዓመቴ የአንዲት እናት ልጅ በአፌ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ፍርዱ ከእኔ ይውረድ ብዬ ባቄላዎቹን አነሳሁ።

"ባቄላውን ተይው" አለች አክስቴ። "ልጄን አግኚልኝ አላልኩሽም። መንገዱን ንገሪኝ።"

"መንገዱን?"

"የሄደበትን መንገድ አላውቀውም። እሱን ሳስብ የሚታየኝ እኛው ደጅ ያለው መንገድ ብቻ ነው፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ጨለማ ነው። ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ሰሜንን አይቼው አላውቅም፤ ግን ነገርኳት። ድንጋይ የበዛበት ዳገት ነው አልኩ። ዛፍ የለውም፤ ነፋሱ አቧራ ያዘለ ነው። ቀን ያቃጥላል፣ ሲመሽ ይበርዳል። የብዙ ሰው ዱካ አለበት፤ ጫማ ያለውም የሌለውም። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

"ውሃ አለ?" አለች።

አለ ማለት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን እሷን ለማስደሰት ብዬ ከአፌ የወጣውን አገር ልለውጠው አልቻልኩም። "የለም አክስቴ። ደረቅ ነው።"

ዓይኗን ገለጠች። "እንግዲያው እዚህ እቀመጣለሁ። እንስራዬን አውርጃለሁ። የሚያልፍ ሁሉ ይጠጣ።"

ከዚያ ታደለች ቀስ ብላ "እነዚያም ቢመጡ? እሱ ላይ የሚተኩሱት?" አለች።

"ውሃ የጠማው ሰው ነው የሚመጣው" አለች አክስቴ። "ሌላ ምን ልጠይቀው?"

ከድጃ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። "በቅሎዬ አለች" አለች። "ንግዱ ይቅርብኝ፤ ውሃውን እኔ አመላልሳለሁ። ምንጩ ከዘንዶው ዘንድ አይደል? አነጋግረዋለሁ።" እውነትም አነጋገረችው። ባለ ሦስት ራሱ ዘንዶዬ አንድ ጦር ሳይወረወርበት፣ ለአንዱ ራስ ጨው፣ ለአንዱ ማር፣ ለአንዱ ወሬ እየተከፈለው ውሃ ቀጂ ሲያስተናግድ ከረመ። ታደለች ጦሯን ሰብራ የዳስ ምሰሶ አደረገችው። የቀሩትን ቀናት በሙሉ እዚያ መንገድ ላይ ነበርን። እኔ የሚያልፉትን ሰዎች አንድ በአንድ አመጣለሁ፤ እነሱ ያጠጣሉ። አክስቴ የአንዱንም ስም አልጠየቀችም።

ሥራው አለቀ፣ ፍቅፋቂው የሚብላላበት ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ተሸፈነ፣ እኔም ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ጨዋታውን ደግመን አልተጫወትነውም።

ዓመታት አለፉና ደርግ ወደቀ። እኔ አስተማሪ ሆኜ እዚያው አክስቴ ዘንድ ለጥየቃ ሄጄ ነበር፣ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጀማምሯል። የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ወደ ቤቱ ይጎርፍ ነበር። በእኛ መንገድም ወደ ከምባታ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ወላይታ የሚሄዱ ወታደሮች መጡ። እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ አንዳንዱ የሴት ሻርፕ ለብሷል። ሰዉ ፈርቷቸው በሩን ዘጋ። ይዘርፋሉ ተብሎ ተወርቶ ነበር።

ከቤት ስወጣ አክስቴ መንገዱ ዳር እንስራዋን አውርዳ ቅል ይዛ ቆማለች። ማንም አልጠራትም፣ ማንም አልመከራትም። ትንሽ ቆይቶ ከድጃ ከሱቋ ዳቦ በጆንያ አሸክማ መጣች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ጎኗ ቆመች። ሁለቱም ቦታቸውን ያውቁት ነበር። እስከዚያ አግብታ ወደ ሞርሲቶ ከተማ የሄደችው ታደለችም በእነዚያው ቀናት ደጇ ላይ ውሃ ስታድል እንደነበር በኋላ ሰማሁ፤ ከእነአክስቴ ጋር በወሬ እንኳ አልተገናኙም ነበር። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ከምንም ተነስቼ የፈጠርኩት መንገድ ዓይኔ ፊት ሰው ሞልቶበት አየሁት።

አንድ ለጋ ወታደር ቅሉን ጨልጦ ሲመልስ አክስቴን ትኩር ብሎ አያት። "እናቴ፣ ልጅ አለሽ?" አላት።

"አለኝ" አለች። "እሱም አሁን የሆነ ቦታ ይጠጣል።" ቅሉን ሞልታ ለሚቀጥለው ሰጠችው።

ኤርሲዶ አልመጣም። የሞተበትን ቦታ እንኳ የነገረን የለም። አክስቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ በሰላም አረፈች። ያን ጠዋት አግኝተሽዋል ብያት ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። አንድ ቀን ደስ ይላት ነበር፤ በማግስቱ ግን ባዶ እጇን ትነቃለች። ፈጣሪዋ ነኝ ባልኩባት አገር ውስጥ ከእኔ ይልቅ እሷ አርቃ ታይ ነበር። እኔ ልጇን ልስጣት ወይስ ልከልክላት እያልኩ ስጨነቅ፣ እሷ የለመነችኝ ሌሎች ልጆች የሚያልፉበትን መንገድ ነበር።