የእናቴ ፍሪዚያና የአባቴ እጅ

አባቴ ጫት እንጂ አበባ አያውቅም። ሂርና ባለው ማሳው ዕድሜውን ሙሉ ጫት ሲቀነጥስ ኖሯል፤ ጫት ደግሞ ጫፉ በተቀነጠሰ ቁጥር ይበልጥ ያቆጠቁጣል። ለእሱ ተክል ማለት ይኸው ነው። እናቴ ጭሮ ካለው ቤታችን ጓሮ ፍሪዚያ የሚባለውን አበባ ስትተክል "አይበላ፣ አይቃም፣ ምን ያደርግልሻል?" ይላት ነበር።

"አንተስ ምን ታደርግልኛለህ?" ትለዋለች። መልስ አታጣም።

ፍሪዚያ የሚበቅለው ነጭ ሽንኩርት ከሚመስለው ሥሩ ነው። ውኃ ከበዛበት ይበሰብሳል። እናቴ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከትታ መድረቁን ሳታይ አታጠጣም ነበር። ሲያብብ መዓዛው መንገድ ድረስ ይወጣል፤ ያኔ ፊቷ ይፈታል፤ እኛም እናርፋለን።

አምና ታማ ሐረር ሐኪም ቤት ስትተኛ እንቡጡ ገና ብቅ ብቅ እያለ ነበር። ሐኪሙ እንደማትድን ለእኔ ነገረኝ፤ እሷ ሳይነግሯትም ታውቀዋለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "አበባው ሳያልፍ አድርሱኝ።" አባቴ ጓሮውን እንዲጠብቅ ነግሬው እኔ አጠገቧ ቀረሁ።

ስንመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ደግፈን ወደ ጓሮ ወሰድናት። የአበባው መደብ ጭቃ ሆኗል፣ ቅጠሉ ወይቧል። የሁሉም ጫፍ ተቀንጥሷል፤ አንድም እንቡጥ አልቀረም።

"ጠዋት ማታ አጠጣሁልሽ። እንዲያቆጠቁጥልሽም ቀነጠስኩት" አለ። "ማሻአላህ በዪ እንጂ።"

ልትጠይቃት የመጣችው ጎረቤታችን አንገቷን ደፋች። እናቴ ጭቃውን ትክ ብላ አየችና "ዕድሜ ልኬን ዞር ብለህ አላየኸኝም" አለችው። "ምነው አሁንም እንደዚያው በተውከኝ።"

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ሾርባ ይዞላት ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እንደዚያው እንዳዞረች ሞተች።

አባቴ አሁንም በየማለዳው ባዶውን መደብ ያጠጣል። ጎረቤት ሁሉ "እንዴት ቢወዳት ነው" ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እኔን አያሳዝነኝም። ሥሩን ቆፍሬ አይቼዋለሁ፤ በስብሶ ጣቴ ላይ ፈረጠ።

ትናንት ጀሪካኑን እንደያዘ "ልጄ፣ ይመለስ ይሆን?" አለኝ።

የእናቴ ልጅ ነኝ። "ውኃ ጨምርበት" አልኩት።