የጾመኞቹ ቀማሽ

የጣይባ ማሕፀን በቀዶ ሕክምና ከወጣ ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ሮቢት ገበያ የሽንኩርት ጆንያ እያነሣች የኖረችው ሴት አሁን ከአልጋዋ በር ላይ እስካለው ወንበር ለመድረስ ስምንት እርምጃ ትራመዳለች፤ ስምንቱም ያደክሟታል። አነሣሡ ራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በጎኗ ትዞራለች፣ እግሯን ታወርዳለች፣ ከዚያ ሆዷን በትራስ ደግፋ ቀና ትላለች። ይህ ትራስ ድንቅ ነገር ነው! ስታስል፣ በተለይም ስትስቅ፣ ስፌቱን ይይዝላታል። ከታከመችበት ከደብረ ብርሃን ስትመለስም ከጣርማ በር ቁልቁል እሱኑ ታቅፋ ነው የወረደችው።

የከበዳት ግን ቁስሉ ብቻ አይደለም። ለዓመታት አልቆም ባለ ደም የተነሣ የረመዳንን እኩሌታ ሳትጾም ትቀር ነበር። "ዘንድሮ ኢንሻአላህ ሠላሳውንም" ብላ ነበር የታከመችው። ሐኪሙ ግን "ክኒኑ በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ ጋር፤ ቁስሉ ሳይጠግግ ጾም የለም" አላት። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። ልጇ ናጅዋ እስከ መግሪብ፣ የግቢው ጎረቤት እትዬ ፈለቀች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። በዚያ የቆላ ቀትር የምትበላው ጣይባ ብቻ ናት። አፈረች። ሁለት ቀን ምሳዋን ትታ ክኒኑን ትራሷ ሥር ሸጎጠችው። ዛሬ ጠዋት አምስተኛው እርምጃ ላይ ዓይኗ ጨለመባት።

እትዬ ፈለቀች ደግፈው ሲያስተኟት ክኒኖቹን አዩ። በስድስት ሰዓት የምስር ወጥ በጭልፋ ይዘው መጡ።

"ቅመሽልኝ።"

"አልበላም፣ እትዬ።"

"ብዪ ማን አለሽ? ጨዉን ንገሪኝ ነው ያልኩሽ። እኔም ልጅሽም ጾም ላይ ነን፤ ማን ይቅመስልኝ?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ሁዳዴን ሳይቀምሱ ሠርተው የለም እንዴ?"

"ዓይኔ ደከመ። ትናንት ጨው አብዝቼ ቢኒያም ልጄ ውሃ ሲጠጣ አመሸ።"

ምስር አስቸጋሪ ነው። ሲፈላ ውሃው ይቀንሳል፣ ጨዉ ግን ባለበት ይቀራል፤ መጀመሪያ ልክ የነበረው ኋላ ይበዛል። ይህን የሚያውቅ ምላስ ብቻ ነው። ጣይባ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች።

"ኧረ ይሄ የአፋር አሞሌ ነው!" ሳቋ መጣ፤ ትራሱን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። "ወይኔ ስፌቴን! ሁለት ድንች ይጨምሩበት።"

ድንቹ ሲበስል እትዬ ፈለቀች እንደገና አስቀመሷት። ልክ ሆነ። ናጅዋም ከበሩ ብቅ ብላ፣ "እማ፣ ማታ የማፍጠሪያውን ሾርባም አንቺ ነሽ የምትቀምሺልኝ" አለች። "ያለፈሽን ጾም፣ ቀዷሽን፣ በኋላ አብረን እንጾማለን።"

ጣይባ ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችም። የቀረበላትን እንጀራ ቀስ ብላ በላች፤ ከትራሱ ሥር አንድ ክኒን አውጥታ ዋጠች።

"ነገ ምንድን ነው የሚሠሩት?"

"ሽሮ።"

"ሳይወፍር ያስቀምሱኝ" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።