ከአርባ ሰባት ቀጥሎ የነበረው ገጽ

ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻ የምተይብበት ዘመን ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከአዘና እስከ እንጅባራ ያስተማሩበትን ታሪክ በሦስት ደብተር ጽፈው አመጡልኝ። ለባለቤታቸው ሙት ዓመት አባዝተው ለዘመድ ሊያድሉት ነው።

"ልጄ፣ የገጹ ቁጥር በግዕዝ ይሁንልኝ" አሉኝ።

"ምን ችግር አለው!" አልኩ። ምነው ያን ጊዜ አፌን ቁርጥ ባደረገው!

ኮምፒውተሩ የፈረንጁን ቁጥር ራሱ ይደረድራል፤ የግዕዙን ግን አያውቅም። ግርጌው ላይ ፩ ብዬ ብጽፍ መጽሐፉ በሙሉ ፩ ሆነ። ሁለተኛውን ገጽ ፪ ሳደርገው የመጀመሪያውም ፪ ሆኖ ቁጭ አለ። ደሜ ፈላ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እያንዳንዱን ቁጥር ከገጹ የመጨረሻ መስመር በታች በእጄ ተየብኩት። ወይ ብልጠት! መምህሩ አንዲት ቃል ባስጨመሩ ቁጥር ጽሑፉ ይገፋና የገጹ ቁጥር የሚቀጥለው ገጽ መሃል ላይ ይገኛል። እሳቸው ደግሞ ማረም ይወዳሉ፤ "ይቺን ብቻ" እያሉ በየማለዳው ይመጣሉ። ሁለት ጊዜ ከ፩ ጀምሬ አስተካከልኩ። በሦስተኛው መብራት ሄደና ያላስቀመጥኩትን ሥራ ሁሉ ውኃ በላው።

ሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገና ጨርሼ ተመስገን ከማለቴ፣ አንድ ወረቀት ይዘው ብቅ አሉ።

"ስለ ተማሪ ሳወራ ሳወራ፣ ለካ ባለቤቴን አላነሳኋትም። ይቺን ብቻ አስገባልኝ።"

ወረቀቱን አላየሁትም። "መምህር፣ በእግዚአብሔር ይተዉኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። "አንድ ገጽ ከገባ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር በሙሉ ይበላሻል! ከእንግዲህ አንዲት ፊደል አልነካም!"

"እሺ፣ ደክመሃል ልጄ" ብለው ወጡ። ወረቀቷ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረች።

ሙት ዓመቱ ላይ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። የሟች እህት መጽሐፉን እያገላበጡ "እሷስ የታለች?" ሲሉ ሰማሁ።

"ቦታ አልበቃ ብሎ ነው" አሉ መምህሩ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

በማግሥቱ ወረቀቷን አነበብኩ። አዘና ሲመደቡ አገውኛ አያውቁም ኖሯል። ባለቤታቸው ዓመቱን ሙሉ ክፍሉ በር ላይ ተቀምጠው፣ እሳቸው የሚሉትን ለልጆቹ፣ ልጆቹ የሚሉትን ለእሳቸው ይተረጉሙ ነበር።

ግርጌው ላይ ቁጥሩን ራሳቸው ጽፈውታል፦ ፵፯ ሀ። ከ፵፯ ቀጥሎ ልትገባ፣ ፵፰ እዚያው ባለበት ሊቀር። ከኔ የሚጠበቀው አንድ ወረቀት መተየብ ብቻ ነበር።