ሁለተኛው ደም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የጤና ሠራተኛ አሰላ በሚገኘው ቤቴ በር ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ ቤት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው አለ? የጨነገፈች ላምስ?» ስትል ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ከሄደች በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ ከሳሎን ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ሳሎን ስመላለስ ዋልኩ። ሰውንና ከብትን አንድ ላይ አድርጎ እንዲህ መጠየቅ የእኔም ሥራ ነበር፤ በወጣትነቴ፣ በደርግ ዘመን።

የላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ። በቆላው፣ በዴራ ዙሪያ ሰው በትኩሳት እየወደቀ፣ ላሞችም እየጨነገፉ ነው ተባለና፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ቫይረስ ይሆን እንደሆነ ለማጣራት ከሁለቱም ደም እንድንወስድ ታዘዝን። አብረውኝ የሄዱት የከብት ሐኪም ረዳቱ ጋሽ ሁሴን ነበሩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ከደጋው የገብስ ማሳ ወደ ታች ስንወርድ የመንገዱ ጭቃ ወደ አቧራ ተለወጠ፤ ለስንቅ የያዝነው ጭኮም ቅቤው ቀልጦ መጠቅለያውን አራሰው።

አንድ ጊዜ የተወሰደ ደም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዚያው ሰው ሁለተኛ ደም ተወስዶ ከፊተኛው ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ ማን ምን እንደሰጠ ሳይሳሳቱ መመዝገብ ግድ ነው። እኔም ሆስፒታል እንደለመድኩት፣ የእያንዳንዱን ስምና ዕድሜ በታላቅ ድምፅ እየጠራሁ ጻፍኩ፤ በድምፄም ሳልኮራ አልቀረሁም።

አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ክንዱን ዘርግቶ ሳቀብኝ። «ትንኟም ደሜን ትወስዳለች፤ ግን ስምህ ማነው፣ ዕድሜህ ስንት ነው አትልም!» ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ቀይ ላም ይዛ ከጎኑ የቆመችው እናቱም ሳቀች።

ጋሽ ሁሴን ጠጋ ብለው፣ «ቀስ በል እንጂ አንተ! ከኋላህ የሚጽፈውን አታይም?» አሉኝ። ዞር አልኩ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ የጠራሁትን ስም ሁሉ ከነዕድሜው በራሱ ደብተር ላይ ያሰፍር ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚለቀምበት ወቅት ነበር፤ በዚያ አገር ወላጅ ልጁን የሚያተርፈው ዕድሜውን ደብቆ ነው።

ማቆም እችል ነበር። ቢያንስ ድምፄን ዝቅ ማድረግ እችል ነበር። ጸሐፊው ግን ቀና ብሎ፣ «ቀጥል እንጂ ጓድ፣ ምን ሆንክ?» አለኝ። ፈራሁ፤ ቀጠልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ከብቶቹ ሁሉ ቀረቡ፤ ከወጣቶቹ ግን አንድም አልነበረም። ያቺ እናት ቀይዋን ላም እየጎተተች መጣች። ጋሽ ሁሴን ከላሟ አንገት ደም ቀድተው እስኪጨርሱ ገመዱን ይዛ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ፣ ረጋ ብላ፣ «ላሟን አምጥቻለሁ» አለች። «ልጄን ግን አንተ ጠራኸው፣ እነሱ ወሰዱት።»

 መዝገቡ ላይ ከልጇ ስም ጎን «አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ትንኝና ስለምታዛምተው በሽታ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። ደም ሲወሰድ በስም ፈንታ ቁጥር እንዲጠራ አጥብቄ ስከራከር ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም። ተማሪዎቼ በዴራው ጥናት የወጣቶቹ ሁለተኛ ደም ለምን እንደጎደለ ሲጠይቁኝም፣ «መርፌ ፈርተው ነው» እላቸው ነበር። ከአሰላ ዴራ በመኪና ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ልጁ ተመልሶ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ሄጄ አልጠየቅሁም።